ባህልን ያከበረ የነርሲንግና የሚድዋይፈሪ እንክብካቤን እንዴት እናስተምር

በብዙ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ባህልን የሚመለከተው ትምህርት በአንድ ወይም በሁለት ሌክቸር ያልቃል። ስላይዱ ላይ የአፋር እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ፣ የሶማሌ እናቶች ይህን አይወዱም የሚል ዝርዝር ይደረደራል። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይመልሰዋል፣ ማዋለጃ ክፍል ሲገባ ግን እናትየዋን አንድ ጥያቄ እንኳ አይጠይቃትም። ዝርዝሩ መልሱን አስቀድሞ ስለነገረው መጠየቁ ትርፍ ሥራ ይመስለዋል። ጅግጅጋ ባንክ ውስጥ የምትሠራ እናትና ከገጠር የመጣች አርብቶ አደር እናት በዝርዝሩ ላይ አንድ ናቸው፤ አልጋው ላይ ግን የሚፈልጉትም የሚፈሩትም ለየቅል ነው።

ይህ መመሪያ ለመምህራንና ለዋርድ አሠልጣኞች የተጻፈ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ባህልን ማክበር እንደ ደም ግፊት ልኬት በተግባር የሚለመድ፣ በቼክሊስት የሚታይና ነጥብ የሚሰጠው ክህሎት ነው። ተማሪው የሚማረው ስለ ሕዝቦች መረጃ ሳይሆን፣ ፊቱ ያለችውን አንዲት እናት ጠይቆ ከመልሷ ጋር አብሮ መሥራት ነው።

ጉዳዩ ትርፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደርሰዋል። ርቀት፣ መንገድና ገንዘብ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ጤና ጣቢያው አጠገቧ ሆኖ ቤቷ የምትወልድ እናትም አለች። ምክንያቷ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ነው፦ ወንድ አየኝ፣ ራቁቴን አስተኙኝ፣ እናቴን ከበር መለሷት፣ እንግዴ ልጁን ጣሉት፣ በረደኝ፣ ተቆጡኝ። አብዛኛው ያለ ተጨማሪ በጀት የሚስተካከል ነው፤ የሚያስፈልገው እንዲህ ሆኖ የሠለጠነ ሰው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ትምህርቱን ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አድርጉት፤ ለመጨረሻው ዓመት አታቆዩት። ተማሪ የዋርድ ጠባይን የሚቀስመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያያቸው ነባሮች ነው፤ አንዴ የለመደውን ከሁለት ዓመት በኋላ በሌክቸር መንቀል ከባድ ነው። ከ20 እስከ 24 ተማሪ ላለው ክፍል ሁለት መምህራን ይበቃሉ፤ አንዱ ግን የግድ አሁንም በዋርድ የሚሠራ ይሁን። እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚወስዱ አራት የስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ክፍለ ጊዜዎች መድቡ፤ ከዚያ የዋርድና የማኅበረሰብ ልምምድ ይከተላል።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ፣ የሚታጠብ ፕላስቲክ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ የማዋለጃ ሞዴል፣ አራት አንሶላ ወይም ነጠላ፣ የሚንቀሳቀስ መጋረጃ፣ ፌቶስኮፕ (የፅንስ የልብ ምት ማዳመጫ)፣ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ፣ የግድግዳ ሰዓት።

ንድፈ ሐሳቡን በግማሽ ሰዓት ጨርሱት። ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። አሜሪካዊቷ ነርስና አንትሮፖሎጂስት ማደሊን ሌይኒንገር የእናትን ልማድ ማቆየት፣ ማስማማት ወይም መለወጥ የሚሉ ሦስት መንገዶችን አስቀምጣለች፤ ከታች የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ክላይንማን ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ የራሱ ማብራሪያ እንዳለውና በጥያቄ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። የኒው ዚላንዷ ማኦሪ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ደግሞ፣ እንክብካቤው ባህሏን አክብሯል ወይ የሚለውን የምትፈርደው ተንከባካቢዋ ሳትሆን እንክብካቤውን የተቀበለችው ናት አለች። የሀገሯ የነርሶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን የነርሲንግና የሚድዋይፈሪ ትምህርት አካል አድርጎታል። ከሦስቱ የራምስደንን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ምዘናው ላይ ትመለሳለች።

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ራስን ማየት

ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ ብቻቸውን ይጻፉ። በእኛ ቤት ስትወልድ አጠገቧ የሚሆነው ማነው? መጀመሪያ የሚሰጣት ምግብ ምንድን ነው? እንግዴ ልጁ የት ይሄዳል? አራስ ስንት ቀን ቤት ትቀመጣለች? የሌላ አካባቢ ልማድ ሰምቼ በውስጤ የናቅሁት መቼ ነው? የመጨረሻውን መልስ ማንም አያነብም፣ አይሰበሰብም። የመጀመሪያዎቹን አራት በሦስት በሦስት ሆነው ይወያዩባቸው። የመምህሩ ሥራ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሁለት ተማሪዎች የሰጡትን የተለያየ መልስ ፈልጎ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። ከጎጃም የመጡ ሁለት ልጆች እንኳ እንደማይስማሙ ሲያዩ ዝርዝር መሸምደድ ለምን እንደማያዋጣ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው “አንተ ከጋምቤላ ነህና ንገረን” ማለት ነው። አንድን ልጅ የሕዝብ ቃል አቀባይ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም ልጁ ስለ ወሊድ የሚያውቀው ነገር የለም። የፈለገ ራሱ ይናገር። ሁለተኛው ውይይቱ ወደ ብሔር ክርክር መንሸራተቱ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ ቁስል እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ገና ሲጀመር ወሰኑን ተናገሩ፦ የምንነጋገረው ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕመምና ስለ እንክብካቤ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ቃል ሲወጣ ወዲያው አቁሙና ወደ ጥያቄው መልሱት። በአንድ ሕዝብ ልማድ ከተሳቀ ሳታልፉት እዚያው አንሱት፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ የታለፈ ሳቅ ነገ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይደገማል።

በመጨረሻ የሥልጣን ልምምድ አድርጉ። ፈቃደኛ ተማሪ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የማዋለጃ አልጋው ላይ ይተኛ፣ እግሩ ማሳረፊያው ላይ ይውጣ፤ አራት ጓደኞቹ በእግሩ በኩል ቆመው ሳያናግሩት ስለ እሱ ለ3 ደቂቃ ይነጋገሩ። ቡድኑ የአንድ ፆታ ይሁን፤ ፈቃደኛው ባለበት ሰዓት አቁሙ ማለት ይችላል። ከተነሳ በኋላ “ምን አየህ? ምን አላየህም?” ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ተማሪ ጣሪያውንና የቋሚዎቹን አገጭ ብቻ እንዳየ ይናገራል። ይህን የቀመሰ ሰው ምጥ ላይ ያለችን እናት ከእግሯ በኩል ሆኖ ማናገር ይከብደዋል፤ ወደ ራስጌዋ ይዞራል።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ መጠየቅ

ለሚድዋይፈሪ ተማሪዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ የሚጠየቁ ስምንት ጥያቄዎችን እንሰጣለን። በሰባት ደቂቃ ያልቃሉ፤ መልሱም በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ የምሽት ተረኛው አያውቀውም።

1. የበፊቶቹን ልጆች የት ወለዱ? ማን አዋለደዎት? ምን ጥሩ ነበር፣ ምንስ አስከፋዎት?
2. ሲወልዱ አጠገብዎ ማን እንዲሆን ይፈልጋሉ? እንዳይኖር የሚፈልጉትስ አለ?
3. በምጥ ጊዜ ቆመው፣ ተንበርክከው፣ ቁጢጥ ብለው ወይስ ተኝተው ይቀልዎታል?
4. አዋላጁ ወንድ ቢሆን ምን ይሰማዎታል?
5. ጸሎት፣ ዱዓ፣ ጠበል ወይም የሚያስሩት ነገር አለ? ሳናውቅ እንዳንነካብዎት ይንገሩን።
6. እንግዴ ልጁን ምን እንድናደርገው ይፈልጋሉ?
7. ከወለዱ በኋላ ለእርስዎና ለሕፃኑ መጀመሪያ የሚሰጠው ምንድን ነው?
8. ጾም ላይ ነዎት? ስለ ሕክምና ውሳኔ ሲኖርስ ከማን ጋር ይመክራሉ?

ለነርሲንግ ተማሪዎች ጥያቄዎቹ ወደ ሕመም ይዞራሉ፦ ሕመሙን እናንተ ዘንድ ምን ይሉታል? ከምን የመጣ ይመስልዎታል? እስካሁን ምን አደረጉለት? በጣም የሚያሰጋዎት ምንድን ነው? ከእኛስ ምን ይጠብቃሉ? “ምች ነው” ወይም “ቡዳ ነው” የምትል እናት መልሷ ሲጻፍላት እንጂ ሲታረምላት የሚቀጥለውን አትነግርም።

አጠያየቁ ከጥያቄው እኩል ይመዝናል። አስቸጋሪውን ነገር “ብዙ እናቶች ቤት ውስጥ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ እርስዎስ?” ብሎ መጀመር መልሱን ያወጣል። “ለምን ጠበል ቤት ቆዩ?” ብሎ መጀመር ግን እንደ ወቀሳ ይሰማል፤ እናትየዋ ዝም ትላለች ወይም ትዋሻለች። ተማሪው የምትበልጠውን ሴት “አንቺ” ካላት ቃለ መጠይቁ እዚያው ላይ አልቋል፤ ነባር ሠራተኛ ቢያደርገውም አትፍቀዱ። አማት ወይም ባል ባሉበት የሚጠየቁና ብቻዋን የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፦ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስምንተኛው ብቻዋን ሆና ይጠየቁ። ከሁሉ የሚብሰው ስሟን ወይም ሻሿን አይቶ ሃይማኖቷን መገመት ነው፤ ይጠየቅ።

ልምምዱ በሦስት በሦስት ይሆናል፦ አንዷ እናት፣ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ተመልካች። ለእናቷ ተማሪ ጠያቂው የማያየው የሚና ካርድ ስጧት። ለምሳሌ፦ “አራተኛ ልጅሽ ነው። ሦስቱን ቤት ወልደሻል። የመጨረሻው ጊዜ ደም ፈሶሻል፤ ግን ካልተጠየቅሽ አትናገሪም። ወንድ እንዲነካሽ አትፈልጊም፤ ባልሽ ባለበት ይህን አትይም።” ጠያቂው የደም መፍሰሱን ታሪክ ካላወጣ ደግሞ ይሥራ። ይህ ካርድ የሚያሳየው ቁም ነገር አለ፤ ባህልን መጠየቅ የሕክምናውን አደጋም ያወጣል።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይስማማ፣ የትኛው ይለወጥ

ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ጽንፍ ይይዛል። ወይ ሁሉንም “ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት” ብሎ ይጥላል፣ ወይ “ባህል ነው” ብሎ የሚገድለውንም ያልፋል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር እናቲቱን ወይም ሕፃኑን ይጎዳል? ካልጎዳ ይቆያል። ጉዳቱ በጊዜ፣ በመጠን ወይም በቦታ የሚመጣ ከሆነ ይስማማል። ነገሩ ራሱ ከጎዳ ይለወጣል።

የሚቆየው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። “ማርያም ማርያም” ማለት፣ ቁርአን መቅራት፣ ለሕፃኑ አዛን ማሰማት፣ እልልታ፣ የእናቷ ወይም የጎረቤቷ አብሮ መሆን፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በእናትየዋ ራስ ላይ የሚደረግ ቅቤ፣ ቁጢጥ ብሎ መውለድ፤ አንዱም አይከለከልም። ክታብ ወይም ማተብ ለቀዶ ሕክምና እንኳ ሲኖር በአብዛኛው መበጠስ አያስፈልገውም፤ ከሚሠራበት ቦታ አርቆ በፕላስተር መያዝ ይቻላል። የግድ የሚወልቅ ከሆነ እሷ ወይም ዘመዷ ያውልቁት፤ በታሸገ ፕላስቲክ እጇ ላይ ይመለስላት።

የሚስማማው ክፍል ላይ ተማሪው አእምሮውን ማሠራት ይጀምራል። ቡና ይቆይ፣ ግን የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የሚቀበለው ብረት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ክኒኑ ከቡናው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ምክር ካልተሰጠ ክኒኑ ሳይቋረጥም ደም ማነሱ ሊቀጥል ይችላል። የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ያለች ነፍሰ ጡር በሐኪም “ጾሙን ፍቺ” ከምትባል ይልቅ የንስሐ አባቷን እንድታማክር ብትመከር ትሰማለች። ባትፈታ ደግሞ የመጀመሪያውን ምግብ ሰዓት እንድታስቀድም፣ ምስር፣ ሽምብራና ቅጠላ ቅጠል እንድታበዛ ንገሯት። በረመዳን ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የመፍታት ፈቃድ አላት፤ ብዙዎች ግን ከቤተሰብ ጋር መጾምን ይመርጣሉ። ተማሪው የመድኃኒት ሰዓቷን ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ፤ ስኳር ወይም ግፊት ካለባት ብቻውን አይወስን፣ ለሐኪም ያቅርብ።

አራስ ቤት ሌላው ነው። እናቲቱ በዝግና በጭስ በሞላ ክፍል እንድትቀመጥ ከተፈለገ ሙቀቱ ይቆይ፣ ጭሱ ይውጣ፦ ምድጃው ከክፍሉ ውጭ ይሁን፣ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ሆኖ ይሙቅ። ለክርስትና 40 ወይም 80 ቀን እስኪሞላ ከቤት የማትወጣ እናት ለድኅረ ወሊድ ክትትል ወይም ለ6 ሳምንቱ ክትባት ላትመጣ ትችላለች። ተማሪው ይህን ቀድሞ ጠይቆ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር የቤት ለቤት ጉብኝት ያቀናጅ። ጠበልና መድኃኒትን በሚመለከት ለተማሪዎች የሚነገር እውነተኛ ታሪክ አለ፦ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምዕመናን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። የጤና ባለሙያው ብቻውን ሊያደርገው ያልቻለውን አንድ የሃይማኖት አባት ቃል አቀለለው።

የሚለወጠው ዝርዝር አጭር ነው፤ ተማሪው ግን ምክንያቱን ከነስሙ ማወቅ አለበት። እንገር መጣል የለበትም፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነውና በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ለሕፃን ቅቤ ማቃመስ ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እትብት ላይ እበት ማድረግ የመንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ይዳርጋሉ። በምጥ ጊዜ ሆድን አጥብቆ ማሸት ማህፀን ሊቀድ ይችላል። ተው ብቻ ብሎ ማለፍ ግን አይሠራም፤ ቦታውን የሚይዝ ነገር ስጧቸው። ቅቤ ማቃመስ የፈለገች አያት የሕፃኑን አፍ ወደ ጡት የምታስጠጋው እሷ ትሁን። እትብት ላይ አንድ ነገር ካልተደረገ የማይሆንላት ከሆነ፣ አገልግሎቱ ባለበት የክሎርሄክሲዲን ጄል እንዴት እንደሚቀባ አሳዩዋት። ጄሉ ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳልና ከቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለይታ እንድታስቀምጥ ሳትነግሯት አትሸኟት።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፦ እጅ የሚለማመደው

መጀመሪያ አቀማመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ እናት የምትወልድበትን አቀማመጥ እንድትመርጥና የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ተማሪ ግን አልጋ ላይ ብቻ ስለሚለማመድ፣ እናት ቁጢጥ ስትል ይደነግጥና “ተኚ!” ይላል። ስለዚህ ሞዴሉን ወደ ወለል አውርዱት። ፍራሹ ላይ ፕላስቲክ፣ በላዩ አንሶላ ይነጠፍ፤ እናት የምትሆነው ተማሪ በርጩማው ላይ ወይም ቁጢጥ ብላ ሞዴሉን በእግሮቿ መካከል ትያዝ፣ ሌላዋ ከኋላ ብብቷን ደግፋ ትቀመጥ፣ አዋላጁ ከፊት ይንበርከክ። በዚህ ሁኔታ የልብ ምት በፌቶስኮፕ ማዳመጥን፣ ሕፃኑን በሁለት እጅ መቀበልን፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን (የደም መፍሰስ መከላከያ መርፌ) በጡንቻ መስጠትን፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ እትብት መቁረጥን እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሥራ።

የሚበላሸው ይታወቃል። ሽርት ውሃ የፈሰሰበት ፕላስቲክ ያንሸራትታል፤ አንሶላው ቶሎ ይለወጥ። ሕፃኑ በድንገት ሲወጣ እጅ ከታች ካልጠበቀ ይወድቃል። ደሙ ወለል ላይ ስለሚበተን መጠኑ አሳስቶ ይገመታል፤ ከሥር የሚለካ ነገር ይቀመጥ፣ እናቲቱም ሕፃኑ እንደወጣ ጋደም ትበል። ደም እየፈሰሰ ከሆነ ወይም ቫኪዩም (ሕፃኑን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ካስፈለገ ወደ አልጋ ይወጣል፤ ይህ ሊሆን እንደሚችል ግን ምጡ ሳይገፋ ንገሯት።

ቀጥሎ ገላን መሸፈን። አንሶላው ከወገቧ በታች ይሁን፣ የሚታየው የሚመረመረው ቦታ ብቻ ይሁን፣ በሩና እግሯ አንድ አቅጣጫ እንዳይሆኑ አልጋው ይዙር። በምጥ ላይ የማህፀን በር ምርመራ የተለየ ምክንያት ከሌለ በየ4 ሰዓቱ ይበቃል። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶቻችን ራሳቸው ጥፋተኞች ናቸው፦ አንዲትን እናት አምስትና ስድስት ተማሪ ተራ በተራ ሲመረምራት ማየት ያሳዝናል፤ ያማታል፣ ያዋርዳታል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣታል። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ለአንድ እናት አንድ ተማሪ፣ ፈቃዷ በስሙ ተጠይቆ፣ ከአሠልጣኙ ጋር ብቻ። የተማሪው ሎግቡክ (የልምምድ መመዝገቢያ ደብተር) ካልሞላ የሚስተካከለው የልምምድ ቦታው ቁጥር ነው፤ በእናቶች ገላ አይሞላም።

ወንድ ተማሪ ራሱን በስምና በሙያ ያስተዋውቅ፣ ሴት ባልደረባ አብራው ትቁም፣ እምቢ ከተባለ ሳይከፋው ይውጣ። ሴት ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ይህ ቀድሞ በክትትል ጊዜ ይነገራት፤ ምጥ ላይ የሚሰማ ዜና አይሁን። እንግዴ ልጁን ለምትፈልግ ቤተሰብ ሙሉ መሆኑ ከተመረመረ በኋላ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በባልዲው ይሰጥ፤ የሚወስደው ሰው እጁን እንዲሸፍን፣ ከውሃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ይነገረው።

የሴት ልጅ ግርዛት ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ መድቡ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶ ተገርዘዋል፤ በሶማሌ ክልል 99፣ በአፋር 91 በመቶ። ተማሪው በግርዛት ጊዜ ብልቷ የተሰፋች እናትን የሚያገኘው አንድ ቀን ሳይዘጋጅ ነው። መጀመሪያ የሚለማመደው ፊቱን ነው፦ አለመደንገጥ፣ ጓደኛ ጠርቶ አለማሳየት። በክትትል ጊዜ ጠይቆና አይቶ ዓይነቱን በካርዷ ይመዝግብ። የተሰፋውን መክፈት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪው በስፖንጅ ሞዴል ቅደም ተከተሉን ይማር፦ ፈቃድ፣ ማደንዘዣ፣ ከጠባሳው ሥር ጣት አስገብቶ ሕፃኑንና ሥጋዋን መከላከል፣ በመሃል መስመር ወደ ላይ መቁረጥ፣ የሽንት ቧንቧው እንደታየ ማቆም፣ ሁለቱን ጠርዞች ለየብቻ መስፋት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ፊት ለፊት ያለውን ጠባሳ ትቶ በጎንና በታች ትልቅ ቁስል መቁረጥ ነው። ከመከፈቱ በፊት ሽንቷ ወደፊት በፍጥነትና በድምፅ እንደሚወርድ ንገሯት፤ ያልተነገራት እናት የተበላሸች ይመስላታል። ከወለደች በኋላ መልሳችሁ ስፉኝ ስትል ወይም ቤተሰብ ሲጠይቅ ግን መልሱ አይሆንም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ግርዛትንና መስፋትን ይከለክላል። እምቢታው ረጋ ብሎ፣ ከባሏ ጋር ቁጭ ተብሎ፣ በሚቀጥለው ወሊድ የሚያመጣው አደጋ ተነግሮ ይሁን።

አስተርጓሚ ሲያስፈልግ

ባልና ልጅ አስተርጓሚ አይሁኑ፤ ባል የሚፈልገውን ይመርጣል፣ ልጅ መስማት የሌለበትን ይሰማል። በተግባር የሚገኘው የጽዳት ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ከሆነ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቋንቋ የሚችሉትን መዝግቦ ምስጢር ስለመጠበቅና ሁሉንም ሳይቀንሱ ስለማስተላለፍ ግማሽ ቀን ያሠልጥናቸው። አስተርጓሚው ከእናቲቱ ጎን ይቀመጥ፤ ተማሪው እሷን እያየ አጭር አጭር ይናገር፤ በመጨረሻ “የነገርኩዎትን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ” ይበል። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ይህ ሳይደረግ ፊርማ አይወሰድ። በየዋርዱ ግድግዳ በአካባቢው ቋንቋ “ግፊ”፣ “አሁን አትግፊ”፣ “ተንፍሺ”፣ “ያምሻል?” የሚሉ ወደ 15 የሚጠጉ ቃላት ይለጠፉ። የሚጽፋቸውም የሚያነባቸውም የቋንቋው ባለቤት ይሁን፤ “ግፊ” እና “አትግፊ” መምታታት ቀልድ አይደለም፣ አካል ይቀደዳል።

ወደ ማኅበረሰቡ መውጣት

ለሁለት ሳምንት ቀበሌ ውስጥ የሚቆይ ቡድን 6 ተማሪ ይበቃዋል። ከቀበሌና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ፈቃድ ይወሰድ፤ ከልምድ አዋላጅ፣ ከአንድ ቄስ ወይም ሼህ፣ በቅርቡ ከወለዱ አምስት እናቶች ጋር ይነጋገሩ። ስልሳ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ይዞ መሄድ ሥራውን ያበላሸዋል፤ ሰው በመጠይቅ ሰልችቷል፣ መልሱም ተመልሶ አያየውም። ከላይ ያሉት ስምንት ጥያቄዎችና ቡና ይበቃሉ። የቡድኑ ውጤት አንድ ገጽ ነው፦ ጤና ጣቢያው ያለ ወጪ ሊለውጣቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች። ያንን ገጽ በቅድሚያ ለእናቶቹ፣ ቀጥሎ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ያቅርቡ።

ለተማሪዎች የምታሳዩአቸው ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ጀመረ፤ እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያው ይቆያሉ፤ ዛሬ በሀገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህንኑ ይሠራሉ። የሐምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት ከገጠር የመጡ ሴቶችን አስተምሮ ወደ መጡበት አካባቢ መመለስን መንገዱ አደረገ። ቋንቋውንና ልማዱን የምታውቅ ባለሙያ ማፍራት የሚጀምረው ከቅበላው ነው፤ የእናንተ ኮሌጅ ተማሪ ሲመርጥ የአካባቢ ቋንቋን ይመለከት እንደሆነ ጠይቁ።

ምዘና

ያልተመዘነ ትምህርት እንደ ትርፍ ይቆጠራል። “የአፋር እናት የምትመርጠው የቱን ነው?” የሚል የምርጫ ጥያቄ አታውጡ፤ የለፋችሁበትን ሥራ ሁሉ ያፈርሳል። በኦስኪ (ተማሪ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በሚፈተንበት የተግባር ፈተና) ውስጥ የ8 ደቂቃ ጣቢያ ክፈቱ። እናት ሆና የምትቀመጠው ተማሪ ሳትሆን ከአካባቢው የመጣችና አበል የተከፈላት እናት ትሁን፤ ቀድማ ለአንድ ሰዓት ትለማመድ። ነጥቡ ከ20 ነው፦ ሰላምታ፣ ራስን ማስተዋወቅና አክብሮ መጥራት 2፤ ብቻዋን መሆኗን ማረጋገጥ 2፤ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ሳይወቅሱ መጠየቅ 5፤ የሰሙትን ደግሞ ማረጋገጥ 2፤ ልማዱን በትክክል መለየት 3፤ የሚስማማ ሐሳብ ከነምክንያቱ ማቅረብ 3፤ በካርድ መጻፍ 1። ቀሪው 2 ነጥብ የእናቲቱ ነው። “ብታምጪ ይህች ልጅ እንድታዋልድሽ ትፈልጊያለሽ?” ተብላ ትጠየቅ፤ ካለመፈለጓ ጋር ምክንያቷም ይጻፍ። የራምስደን ሐሳብ ቁጥር የሚያገኘው እዚህ ነው።

ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን የሚያስጥሉ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ሳያስፈቅዱ መንካት፣ መሳቅ ወይም ማሸማቀቅ፣ ጎጂውን ነገር “ባህላችሁ ስለሆነ” ብሎ ማለፍ። የወደቀ ተማሪ ወደ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተመልሶ በሌላ የሚና ካርድ ይለማመድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይቅረብ። በዋርድ ላይ ደግሞ በየወሩ ከሚወጡ እናቶች ዐሥሩን ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃቸው፦ ፈቃድዎ ተጠይቋል? የፈለጉት ሰው አብሮዎት ነበር? የተቆጣዎት አለ? ውጤቱ ለተማሪዎችም ለአሠልጣኞችም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪው ሲገመገም መምህሩ ሳይገመገም ከቀረ፣ ክፍል ውስጥ የተነገረው ሁሉ ለፈተና ብቻ እንደነበር ተማሪው ወዲያው ይረዳል።